ሲኤምኤስ ራሴ ልጻፍ ወይስ ያለውን ልውሰድ? ጀምሬዋለሁ፣ ምክር እፈልጋለሁ

ገጽ_ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ጽሑፍ የሚያወጣ አንድ ቡድን አለ፤ አራት ጸሐፊዎችና አንዲት አርታኢ። ዌብሳይታቸው ድሮ በፒኤችፒ (የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) በእጅ የተጻፈ ነው። የጻፈው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሄዷል። ዳታቤዙ ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ጽሑፎች አሉ። አዲስ ጽሑፍ ለማውጣት ግን ኤዲተር የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው ፒኤችፒማይአድሚን የሚባለውን የዳታቤዝ መቆጣጠሪያ ከፍቶ ሠንጠረዡ ውስጥ በቀጥታ ይለጥፋል። ባለፈው አንዱ ጸሐፊ ተሳስቶ በአሮጌ ጽሑፍ ላይ አዲሱን ለጠፈበት። አሮጌው ጠፋ፣ ባክአፕም አልነበረም።

እኔ ላራቬል የሚባለውን የፒኤችፒ ማዕቀፍ እችላለሁ። ስለዚህ ሲኤምኤሱን፣ ማለትም ጽሑፍ የሚጻፍበትንና የሚወጣበትን ሲስተም፣ ራሴ ልሥራው ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። መግቢያው አልቋል፣ መጻፊያው ይሠራል፣ ፎቶም ይጭናል። አንድ ጓደኛዬ አይቶት «ዎርድፕረስ እያለ ምን ያደክምሃል?» አለኝ። ዝግጁ ሲኤምኤስ ነው። እኔ ደግሞ ዎርድፕረስ ይከብዳል፣ ፕለጊኑ (ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫንበት ቁራጭ ፕሮግራም) ይበዛል፣ ለአምስት ሰው ሥራ ከልክ በላይ ነው ብዬ አስባለሁ። የራሴ ኮድ ከሆነ እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ። ልቀጥል ወይስ ላቁም? ሁለቱንም የሞከራችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

የድሮ_ኮደር

ወንድሜ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ አሁኑኑ አቁም። ይህን የምልህ የራሴን ሲኤምኤስ ጽፌ ሦስት ዓመት ስጠግነው ስለኖርኩ ነው።

እስካሁን የጨረስከው ቀላሉን ነው። ሥራው የሚጀምረው ሰዎች ሲገቡበት ነው። እኔ ያስረከብኩ ሰሞን ስልኬ አላረፈም። መጀመሪያ «ድራፍት የት ነው?» አሉኝ። ሠራሁ። ቀጥሎ «ነገ ጠዋት ራሱ እንዲወጣ አድርግልኝ» መጣ። እሱንም ሠራሁ። ከዚያ «የትናንቱን መልስልኝ»። የትናንቱ የለም፣ ምክንያቱም ሴቭ ሲደረግ አሮጌው ላይ ነበር የሚጻፈው። ከዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ጽሑፍ እኩል ከፍተው፣ ኋላ ሴቭ ያደረገው የመጀመሪያውን ሥራ ዋጠው። ከወርድ ገልብጠው ሲለጥፉ ደግሞ የወርዱ ፎንትና ቀለም ሁሉ አብሮ እየገባ ገጹ ዝብርቅርቁ ወጣ።

አንድ ቀን ግን ከሁሉም አልረሳውም። አንዲት ጸሐፊ ከጠዋት ጀምራ እዚያው ኤዲተሩ ውስጥ ስትጽፍ ቆየች። ላራቬል ላይ ሴሽኑ (ምንም ሳትልክለት ሰርቨሩ እንደገባህ የሚያስታውስህ ጊዜ) ቅንብሩን ካልነካኸው 120 ደቂቃ ነው። እየጻፈች ነው እንጂ ወደ ሰርቨሩ ምንም እየላከች አይደለም፤ ስለዚህ ለሰርቨሩ እሷ የለችም። ጨርሳ ሴቭን ተጫነች። 419 የሚል ነጭ ገጽ መጣ። ወደኋላ ተመለሰች፣ ሳጥኑ ባዶ። አልጮኸችብኝም። ዝም ብላ ስክሪኑን ታይ ነበር፣ እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ኮዱ ምንም ስህተት አልነበረውም፣ የጻፍኩት ልክ እንዳሰብኩት ነው የሠራው፤ እኔ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ለሦስት ሰዓት ሊጽፍ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዎርድፕረስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አንድ ጽሑፍ ሌላ ሰው ከፍቶት ከሆነ የሚቆልፈው፣ ሴሽኑ ሲያልቅም ከገጹ ሳያስወጣ እዚያው ፓስወርድ የሚጠይቀው ነገር የመጣው በ3.6 ቅጂው ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013። ያን ሁሉ ሰው ይዞ እዚያ ለመድረስ 10 ዓመት ፈጅቶበታል። አንተ ብቻህን ነህ።

አርታኢዋ

እኔ ኮድ አልጽፍም፤ በሌላኛው ወገን ነኝ። በሥራዬ ሦስት የተለያዩ ሲኤምኤሶች ላይ ጽፌያለሁ። አንድም ቀን ከመመረጡ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም። የድሮ_ኮደር የጻፍከውን ሳነብ እውነት ለመናገር ያቺ ሴት እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

ስለዚህ ገጽ_ሠሪ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ከመወሰንህ በፊት የቡድኑን አርታኢ አጠገብህ አስቀምጣት። አንድ እውነተኛ ጽሑፍ ከፎቶዎቹ ጋር ይዛ ትምጣ። ምንም ሳታስረዳት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድታወጣው ጠይቃት። አንተ እጅህን አጣጥፈህ እይ። የት ቆማ እንዳሰበች፣ የትኛው ቁልፍ ግራ እንዳጋባት ጻፍ። ይህ ከየትኛውም ንጽጽር ይበልጥብሃል።

እኔ ለምሳሌ አንዱ ላይ ጽሑፍ ለማውጣት 17 ሳጥን መሙላት ነበረብኝ፣ ሁሉም ግዴታ። ግማሾቹ ምን እንደሆኑ ዛሬም አላውቅም። ነጥብ እያስገባሁ አልፌያቸዋለሁ። ሌላኛው ላይ ደግሞ ቅድመ እይታው አንድ ነገር ያሳየኛል፣ ሲወጣ ሌላ ነው። ከስልክ የተነሳ ፎቶ እንዳለ ስጭነውም ገጹ አልከፈት ይላል፣ ከዚያ «ፎቶ አሳንሺ» ይሉኛል። ፎቶ ማሳነስ የእኔ ሥራ ነው እንዴ?

የድሮ_ኮደር

@አርታኢዋ አይደለም፣ የሲስተሙ ሥራ ነው። ዎርድፕረስ ከ5.3 ወዲህ ከ2560 ፒክስል የሚበልጥ ፎቶ ሲጫን ራሱ ያሳንሰዋል። የራሱን ሲኤምኤስ የሚጽፍ ሰው ግን ይህንንም ራሱ ማሰብ አለበት። ስልክ ተጋድሞ የተነሳው ፎቶ ተዘቅዝቆ የሚወጣበት ጣጣም አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ቀላል_ይሻላል

እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ለምን ዳታቤዝ አስፈለገ? ሁጎ ወይም ጄኪል የሚባሉትን አስበሃል? ጽሑፎቹ በማርክዳውን (ጥቂት ምልክት ባለው ተራ ጽሑፍ) ፋይል ይቀመጣሉ፣ የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ በሚይዘው ጊት ላይ ይገባሉ፣ ሲስተሙ አንዴ ኤችቲኤምኤል አድርጎ ይጨርሳቸዋል። ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ፒኤችፒ የለም፣ የሚሰበር መግቢያ የለም፣ ፕለጊን ማደስ የለም። የጠፋ ጽሑፍ ከጊት ታሪኩ ውስጥ በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል፤ ያ አንተ ላይ የደረሰው ነገር እዚህ ሊደርስ አይችልም። 700 ጽሑፍ ለሁጎ የሴኮንዶች ሥራ ነው። እኔ የሶፍትዌር መመሪያ ገጾችን ለዓመታት እንደዚህ ይዤ ስቆይ አንድም ቀን ሌሊት ተቀስቅሼ አላውቅም።

አርታኢዋ

@ቀላል_ይሻላል አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጸሐፊዎቹ ምን ያድርጉ ነው የምትለው? አንድ የተሳሳተ ፊደል ለማረም ጊት ይማሩ?

ቀላል_ይሻላል

ልክ ነሽ እህቴ፣ እሱን አልካድኩም። እኔ ጋ የሚጽፉት ሁሉም ኮደሮች ናቸው። ከላይ ድልድይ የሚሆን ኤዲተር መትከል ይቻላል፤ ግን ያኔ ቅለቱ ግማሹ ይሄዳል። ጸሐፊዎቹ ኮደር ካልሆኑ ሐሳቤን አንስቻለሁ። የሚጽፉት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ሆነው ለመማር ፈቃደኛ ከሆኑ ግን አሁንም ከምንም በፊት እሱን ነው የምመክረው።

በር_ጠባቂ

ስለ ደህንነት ማንም አላነሳም። «የራሴ ኮድ ከሆነ እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ» ያልከው ላይ ልቁም። ማወቅህ ጥሩ ነው። ግን ቀዳዳውን ማን ይነግርሃል?

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 2014 ድሩፓል 7 በሚባል ሌላ ሲኤምኤስ ላይ ከባድ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ ቋንቋ) ቀዳዳ ተገኘ፤ ማንም ሰው በፓስወርድ ሳይገባ ዳታቤዙን ማዘዝ ይችል ነበር። ማስተካከያው በዚያው ቀን ወጣ። ቆይቶ የድሩፓል የደህንነት ቡድን ያወጣው ማስጠንቀቂያ ግን የሚያስደነግጥ ነው፤ ማስተካከያው በወጣ 7 ሰዓት ውስጥ ያልታደሰ ሳይት ሁሉ ተሰብሯል ብላችሁ አስቡ አሉ። 7 ሰዓት! ብዙ ሰው ተኝቶ ነው ያለፈው።

ይህን የምነግርህ ድሩፓልን እንድትሸሽ አይደለም። ቀዳዳው ተገኘ፣ ተነገረ፣ ተደፈነ። ያንተ ኮድ ላይ ያው ዓይነት ቀዳዳ ቢኖር የሚያገኘው ሰው ሊነግርህ ግዴታ የለበትም። ዎርድፕረስ ከ3.7 ወዲህ ትንንሾቹን የደህንነት ማስተካከያዎች ራሱ ከበስተጀርባ ይጭናል፤ እሱን እንዳታጠፋው። ሰው ዎርድፕረስ ተሰበረ ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው ዋናው ሲስተም ሳይሆን ሠሪው የተወው ፕለጊን ነው። እኔ አንድ የተጠለፈ ሳይት ሳጸዳ 43 ፕለጊን አገኘሁ። አብዛኞቹ ለዓመታት አልታደሱም። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። አንዱ ደግሞ በረዶ ገጹ ላይ እንዲዘንብ የሚያደርግ ነበር፤ የተገባበትም በእሱ ነው። አራት አምስት ፕለጊን ይበቃሃል። የምትጭነውን ሁሉ መጨረሻ የታደሰበትን ቀን አይተህ ጫን።

ገጽ_ሠሪ

አመሰግናለሁ፣ እያነበብኩ ነው። ትንሽ ከበደኝ ግን ልክ ናችሁ። ስለ ሄድለስ (ይዘቱን ብቻ ይዞ የሚታየውን ገጽ ለሌላ የሚተው ሲኤምኤስ) ምን ትላላችሁ? ስትራፒ የሚባለው ከኋላ፣ ከፊት ደግሞ የራሴን ልጽፍ። ቢያንስ የፊቱ የእኔ ይሆናል።

የድሮ_ኮደር

የሞባይል አፕ አለ? ያው ጽሑፍ ሌላ ቦታም ይወጣል? ካልሆነ አንድ ሳይት ለመያዝ ሁለት ሲስተም ልትጠብቅ ነው። አርታኢዋ የምትፈልገው ቅድመ እይታም ራስህ የምትገጥመው ነገር ይሆናል። ተወው።

መሃል_መንገድ

የራሱን ነገር መሥራት ለሚፈልግ ሰው መሃል መንገድ አለ። ሲኤምኤሱን አትጻፍ፣ የይዘትህን ቅርጽ ብቻ ጻፍ። ጃንጎ የሚባለው የፓይተን (ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ማዕቀፍ የተወለደው እኮ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ ጆርናል-ወርልድ የሚባል ጋዜጣ ዌብ ላይ ይሠሩ የነበሩ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመሩት፣ በ2005 ለሕዝብ ለቀቁት። ለዚያ ነው አድሚን ገጹ ያን ያህል የሚመቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሰዓት የሚያሯሩጣቸው ጋዜጠኞች ነበሩ። በእሱ ላይ የተሠራ ዋግቴይል የሚባል ሲኤምኤስ አለ። «ጽሑፍ ማለት ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ ቀን፣ አካል፣ የፎቶ መግለጫ ነው» ብለህ በኮድ ትገልጽለታለህ፤ ድራፍቱን፣ የቀድሞ ቅጂዎችን፣ የማን ፈቃድ ምን እንደሆነ፣ በቀጠሮ ማውጣትን እሱ ይዞልህ ይመጣል።

ፓይተን ማወቅ ግን ግድ ነው። አንተ ስትሄድም ሌላ ፓይተን የሚያውቅ ሰው መገኘት አለበት። ይህ ሁለተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው።

ፊደል_ለቃሚ

በራሳችን ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ወሳኝ የሆነ ነገር ሳይነሳ ሊያልፍ ነው። ምንም ሲኤምኤስ ብትመርጡ ይመጣባችኋል።

አንደኛ ሊንኩ። በዩቲኤፍ-8 (ፊደሎች ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጡበት ኮድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። አንድ ፊደል 9 ቁምፊ ሆነ ማለት ነው። ዎርድፕረስ ለጽሑፉ የሊንክ ስም የመደበው ቦታ 200 ቁምፊ ነው። ለ9 አካፍሉት፤ 22 ፊደል። ርዕሱ ከዚያ ከረዘመ ሊንኩ መሃል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። አጀማመራቸው አንድ የሆነ ተከታታይ ጽሑፎች ካሏችሁ ደግሞ ሁሉም ያው ሊንክ ላይ እየወደቁ መጨረሻቸው ላይ ቁጥር ብቻ ይለያቸዋል። ኮፒ አድርጎ ለሰው ሲልኩትም ሙሉ ስክሪን የሚሞላ የፐርሰንት ሰንሰለት ነው። እኔ ሊንኩን በጽሑፉ ቁጥር አደርጋለሁ። አጭር ነው፣ አይቆረጥም፣ ርዕሱ ቢታረምም አይለወጥም።

ሁለተኛ ዳታቤዙ። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ዩቲኤፍ8 ተብሎ የቆየው ነገር ሙሉው ዩቲኤፍ-8 አይደለም፤ እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። የተለመዱት ፊደሎቻችን ልክ 3 ስለሆኑ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ጸሐፊው ኢሞጂ ያስገባል፤ ኢሞጂ 4 ባይት ነው፤ ዳታቤዙ ጥብቅ ሆኖ ካልተስተካከለ ጽሑፉ ከኢሞጂው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ተቆርጦ ይቀመጣል። ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይታይ! አሮጌው ሳይትህ በዚህ ዓይነት ከሆነ ከማዛወርህ በፊት አረጋግጥ። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነው ትክክለኛው።

ሦስተኛ ፍለጋው፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያበሳጨኝ። አንባቢ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ጸሐፊው «ፀሐይ» ብሎ ጽፏል። አይገናኙም። «አለም» እና «ዓለም» አይገናኙም። ኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው ብሎ ነው የሚያምነው። የሚሠራው መፍትሔ ከጽሑፉ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ነው፤ በእሱ ውስጥ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ትጠቀልላለህ፣ አንባቢው የጻፈውንም እንደዚሁ። የሚታየውን ጽሑፍ ግን አትንካ፤ የጸሐፊው አጻጻፍ የጸሐፊው ነው። እና የማይኤስኪውኤልን ፉልቴክስት (የራሱን የቃል ፍለጋ) የምትጠቀም ከሆነ ኢኖዲቢ (ሠንጠረዦቹን የሚያስቀምጠው ክፍሉ) ቅንብሩን ካልነካኸው ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም። ለእንግሊዝኛ ችግር የለውም። እኛ ግን «ሰው» ሁለት ፊደል ነው። «ቤት» ሁለት ፊደል ነው። «ልብ»፣ «ውሃ»፣ «ዓለ»... ይቅርታ፣ «ዓለም» ሦስት ነው፣ ተርፏል። ቅንብሩን ወደ 2 አውርደህ ኢንዴክሱን እንደገና መገንባት ይኖርብሃል።

ገጽ_ሠሪ

@ፊደል_ለቃሚ አሁኑኑ ከፍቼ አየሁት። አሮጌው ባለ 3 ባይቱ ነው። ኢሞጂ የገባባቸውን መፈለግ አይቻልም፣ ምክንያቱም ተቆርጠው ነው የተቀመጡት። መጨረሻቸው ላይ አራት ነጥብ የሌላቸውን ጽሑፎች ፈለግኩ። 9 ወጡ። ስድስቱ መሃል ላይ የተቆረጡ ናቸው፤ ቡድኑም እስከ ዛሬ አላወቀም። ለጸሐፊዎቹ ልኬላቸው ዋናውን ኮምፒውተራቸው ላይ እየፈለጉ ነው። በጣም አመሰግናለሁ።

ሻንጣ_ያዥ

በአራት ነጥብ መፈለግህ ግሩም ነው።

እኔ የምጨምረው ስለ መውጫው ነው። የምትገባበትን ሲስተም ስትመርጥ እንዴት እንደምትወጣም እይ። አንድ ሳይት ከዎርድፕረስ ወደ ሌላ አዛውር ተብዬ ነበር። በፔጅ ቢልደር (ገጹን ለማስዋብ በሚጫን ፕለጊን) የተሠራ ነው። ፕለጊኑን ሳጠፋው ጽሑፎቹ ሁሉ በካሬ ቅንፍ ተሞልተው ቀሩ፤ ረድፍ፣ ዓምድ፣ ስፋት፣ ኅዳግ፣ በመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ደግሞ ቅንፍ። ዓረፍተ ነገሮቹን ለመልቀም ሳምንታት ፈጀብኝ። ስለዚህ ዎርድፕረስን ከወሰድክ ከራሱ ኤዲተር አትውጣ። የእሱ ብሎኮች (ጽሑፉ የሚከፋፈልባቸው ክፍሎች) ምልክታቸው ገጹ ላይ በማይታይ የኤችቲኤምኤል ኮሜንት ውስጥ ስለሆነ ሲስተሙ ባይኖርም ጽሑፉ ይነበባል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ የዎርድፕረስ ኤክስፖርት ፋይል ፎቶዎቹን አይዝም። የያዘው አድራሻቸውን ነው። አዲሱ ሳይት ከአሮጌው ላይ እየሄደ ያወርዳቸዋል። አሮጌውን ሰርቨር ዘግተህ «ኤክስፖርት አለኝ» ካልክ ፎቶ የለህም። ባክአፕ ማለት ዳታቤዙና የፎቶው ፎልደር አንድ ላይ ሲሆን ነው፣ ሌላ ማሽን ላይ፣ አንድ ጊዜም ከዚያ ላይ መልሰህ አስነስተህ ስታየው።

የአሮጌዎቹን ሊንኮችስ ምን አሰብክ?

ገጽ_ሠሪ

እነሱ በቁጥር ናቸው፤ ከጥያቄ ምልክት በኋላ 214 ምናምን እየተባለ ነው የሚሄደው። ሰዎች ለዓመታት ሲያጋሯቸው ኖረዋል።

ሻንጣ_ያዥ

እንግዲያው ተመቸህ። ስታስገባቸው አሮጌውን ቁጥር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር አስቀምጠው፣ በአሮጌው የመጣውን ሁሉ በ301 («ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል» በሚለው የሰርቨር መልስ) ወደ አዲሱ ምራው። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጹ እንዳትወረውራቸው! ሰው አንድ ጽሑፍ ፈልጎ መጥቶ መነሻ ገጽ ላይ ሲወድቅ ጽሑፉ የጠፋ ነው የሚመስለው።

ገጽ_ሠሪ

ለሁላችሁም፣ ቅዳሜ የቡድኑን አርታኢ አስቀመጥኳት። በ@አርታኢዋ ምክር መሠረት ሁለቱንም ሞከረች፣ የእኔን ጅምርና ባዶ ዎርድፕረስ። ምንም አላስረዳኋትም።

የእኔ ላይ ጽሑፉን ለጠፈች፣ የወርዱ ፎንት አብሮ ገባ። ፎቶ ጫነች፣ የት እንደገባ ጠፋባት። እሱን ስትፈልግ ሌላ ገጽ ከፈተች፣ ስትመለስ የለጠፈችው የለም። እንደገና ለጠፈች። በመጨረሻ አወጣችው፤ 40 ደቂቃ። ዎርድፕረሱ ላይ የብሎክ ነገር መጀመሪያ ግራ አጋባት፣ ሁለት ቦታ ቆመች። ግን አወጣችው፣ ከዚያ ሳልጠይቃት «የቅድሙን መመለስ ይቻላል?» ብላ የቀድሞ ቅጂዎቹን ራሷ አገኘቻቸው። ሳቀች። ያ ጽሑፍ ሲጠፋ የነበረችው እሷ ናት።

ስለዚህ ወስኛለሁ፤ ዎርድፕረስ ነው። የራሱ ኤዲተር፣ አራት ፕለጊን። የላራቬል እውቀቴን 700ውን ለማዛወሪያው፣ ሞክሼ ፊደላትን ለሚያገናኘው ፍለጋና ለ301ዱ አውለዋለሁ። ሁለቱ ሳምንት አያስቆጨኝም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ስትሄድ «የፎቶ አንሺው ስም የት ይገባል?» አለችኝ። ዎርድፕረስ ለእሱ የተለየ ቦታ የለውም። መግለጫው ውስጥ ይጻፉት ወይስ የራሱ ሳጥን ልሥራለት?

አርታኢዋ

የራሱ ሳጥን ሥራለት። መግለጫው ውስጥ ከሆነ አንዱ «ፎቶ፦» ይላል፣ ሌላው በቅንፍ ያስገባል፣ ሦስተኛው ይረሳዋል። ሳጥኑን ፎቶው በሚጫንበት ቦታ አድርገው፣ ጽሑፉ ጋ አይሁን፤ ያው ፎቶ በሌላ ጽሑፍ ሲገባ ስሙ አብሮት እንዲሄድ። ግዴታ ግን አታድርገው፣ ነጥብ እያስገቡ ያልፉታል።